የምድር እመቤት ግራ እጅ

ለምወድሽና ለምፈራሽ አክስቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽ ደረጃ ስትወጪ አሁንም ይንቋቋል? የጋሌ ባሕርስ መስኮትሽን ጨው መቀባቱን አልተወም? ያቺ አንድ ዓይና ድመትሽ ዓሣ ሻጩን እንደዘረፈችው ናት? እኛ ሁላችን በሦስቱ ዕንቁዎች፣ በቡድሃው፣ በትምህርቱና በመነኮሳቱ ጥበቃ ደህና ነን። አባባ ደህና ነው፤ ዓይኑ ከጥቀርሻ ብዛት ትንሽ ቀልቷል እንጂ። እማማም ደህና ናት፤ የሚያማት ነገር ቢኖር እኔ ብቻ ነኝ። ለአዲስ ዓመት የላክሽልኝ ጨርቅ ደርሶኛል። እማማ "ቀሚስ ይሁን" ስትል እኔ ሱሪ አሰፋሁት፤ ለሥዕል ሥራ የእንጨት ርብራብ ላይ በቀሚስ አይወጣማ።

ይህን ስታነቢ ቀዩን እስክሪብቶሽን ከዚያች ግራ እጅሽ አርቀሽ አስቀምጪው። ፈተናውን ሁለቴ የወደቅኩ ልጅ መሆኔን ታውቂያለሽ፤ ሦስተኛውን ደግሞ እንዳልወድቅ ብዬ አልተፈተንኩም፤ ይኸው ብልህነቴ። ስልክ ደውዬ ልነግርሽ እችል ነበር። አንቺ ግን ስልክ ላይ "እሺ፣ ደህና፣ በርቺ" ብለሽ ጆሮዬ ላይ ትዘጊያለሽ። ደብዳቤ ሲሆን ግን አስተማሪ ነሽና ሳትጨርሺው አትተዪም። ስለዚህ ተይዘሻል፤ ተቀመጪ።

ወሬው ስለ ዋሻችን ነው። የናጋላ ዋሻ እንደምታውቂው እንዳለ ነው። ቋጥኙ እንደ ተኛ ዝሆን ተጋድሟል፤ ግንባሩ ላይ የጥንት ሰዎች በመሮ የፈለፈሉት ቅንድብም እስከ ዛሬ ዝናቡን ወደ ውጭ ይተፋል። ሁለት ሺህ ዓመት ሙሉ አንድ ጠብታ ወደ ውስጥ አላስገባም፤ ወንድምሽ አባባ ለቤታችን የሠራው ጣሪያ ግን አንድ ክረምት አልቻለም። ከቅንድቡ ሥር ዋሻውን ለመነኮሳት የሰጠችው የገበሬ ሚስት ስም በዚያ በዱሮው ፊደል እንደተቀረጸ ነው። ለጎብኚ የሚነገረው ግን ስለ እሷ አይደለም፤ ከጠላት ሸሽቶ ስለተደበቀው ንጉሥ ነው። በዚህ አገር ያለ ዋሻ ሁሉ ያንን ንጉሥ እኔ ነኝ የደበቅኩት ይላል። እውነት ከሆነ ሰውየው ከዋሻ ዋሻ ሲሮጥ መቼ ተደበቀ? ይህን ለአባ ሬዋታ ብነግራቸው ሳቁና "ንጉሡንስ ተዪው፤ እሱ እንግዳ ነበር። ቤቱን የሰጠችው ሴት ናት" አሉኝ። ሽማግሌው መነኩሴያችን ጥርሳቸው አልቆ ነገራቸው ግን እየሾለ ነው።

እና ቡድሃው ለተወለደበት ለቬሳክ በዓል መካከለኛው ዋሻ እንዲጸዳ የዋሻው ኮሚቴ ወሰነ፤ ሥራውም ለአባባ ተሰጠ። ወንድ ልጅ ስላልወለደ ቀለም የምፈጨውም፣ ርብራብ የምወጣውም፣ የምሰደበውም እኔ ነኝ። ከአንድ ቋጥኝ የተፈለፈለው የተጋደመው ቡድሃ ቁመቱን ሙሉ ጥቁር ሆኖ ነበር። ከላይ ጣሪያው፣ ያ የድንጋዩን እጥፋት እየተከተለ እንደ ተዘረጋ ጨርቅ የተሳለው፣ አበባው ከእባቡ አይለይም ነበር። ሁሉም ከመብራታችን ነው። ትውልድ በትውልድ ላይ የኮኮናት ዘይት አበራን፣ ለመንን፣ ጣሪያውን በጸሎታችን አጠቆርነው።

ጥቀርሻ በውሃ አይታጠብም፤ ቀለሙ ይሄዳል። አባባ ከአያቴ የተማረው በሊጥ ነው። ነጭ ዱቄት አቡክተሽ፣ እንደ ሕፃን ጉንጭ ለስላሳ አድርገሽ፣ ግድግዳው ላይ ጫን፣ ነቀል፤ ጫን፣ ነቀል። ሊጡ ይጠቁራል፣ ሥዕሉ ይነቃል። ችግሩ ዝንጀሮዎቹ ናቸው። የጠቆረውን አይነኩም፤ ነጩን ግን ገና ሳላቦካው ይወስዱታል። አንዱ ዱቄት ተነስንሶበት ለመነኩሴው ሲሰግድ አይቻለሁ ብልሽ አታምኚኝም፤ ግን እየሰገደ ሳይሆን እያስነጠሰ ነበር።

ሊጥ እጄ ላይ ካለ ደግሞ ዝም ብዬ አልቀመጥም። አንድ ቀን በር ላይ ለቆመው የድንጋይ ዘበኛ ሪዝ ሠራሁለት። ጠዋቱን ሙሉ ሰው ሲሰግድለት አረፈደ። ደረጃው ሥር አበባና ዘይት የምትሸጠው ፖዲሜኒኬ ቀና ብላ አየችውና "ኡኡ! ዘበኛው ጎረመሰ!" ብላ ጮኸች። ተአምር ነው ተብሎ ሰው ተሰበሰበ። አንዲት ሴት ልጇን አቅፋ መጥታ "ልጄን ሪዙን አስነኩልኝ" አለች። ጉድ የፈላው የኮሚቴው ሊቀ መንበር ሲመጣ ነው። ሪዙን በሁለት ጣት ነቀለው፣ አሸተተው፣ "የሠዓሊውን ልጅ ጥሯት" አለ። ሌላ ማንንም አልጠረጠረም፤ በእውነት ቅር ብሎኛል።

ሊቀ መንበሩ ጋሽ ሙዲያንሴ ነው። ታስታውሺው እንደሆነ አላውቅም። ረጅም ነው፣ በጠራራም ጃንጥላ ይዞ ይዞራል፣ የሩዝ ማሳው ዓይን አይደርስበትም፣ ሚስት አላገባም፣ ስቆም አያውቅም። ካላስታወስሽው ዝለዪው።

ይኸው ሰው ሥራ ስንጀምር መጣና በጃንጥላው ጫፍ እየጠቆመ "ይህንን አጽዱ፣ ያንንም አጽዱ፣ ጣሪያውንም፤ በቡድሃው እግር በኩል ያለውን ጥግ ግን እንዳትነኩ" አለ። አባባ ደነገጠ። ያ ጥግ ምን እንደሆነ አንቺ ታውቂያለሽ፤ አያቴ በስተርጅና የሳለው የመጨረሻ ሥዕሉ ያለው እዚያ ነው። ክፉው ማራ ሠራዊቱን ይዞ መጥቶ "ለመልካም ሥራህ ምስክርህ ማነው?" ሲለው፣ ቡድሃው መሬቱን ሲነካ፣ የምድር እመቤት ልትመሰክርለት እንስራዋን ይዛ ከአፈር ስትወጣ። አባባ ዕድሜውን ሙሉ "የአባቴ ምርጥ እሷ ናት" እያለ ኖሯል። ግን ከሁሉ ይልቅ የጠቆረው ያ ጥግ ነው፤ በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው አይቶት አያውቅም። መንደሩም ያሾፍበታል። "የአባትህ ምርጥ ሥዕል ጥቀርሻው ነው" ይሉታል። "ሽማግሌው አረቄውን ጠጥቶ ጥጉን ረስቶታል" ያሉም አሉ። አባባ ይስቃል፤ ቤት ሲገባ ግን ራቱን አይጨርስም።

"ለምን አንነካውም ጋሼ?" አለው አባባ።

"ጥቁር ይሁን። ማንን ጎዳ?" አለ ጋሽ ሙዲያንሴ፤ ጃንጥላውን ዘርግቶ ወጣ። ዋሻ ውስጥ ነው የዘረጋው፣ አክስቴ።

ነገሩ በዚህ ቢቀር ጥሩ ነበር። ግን ከከተማ አንድ ሴራሚክ ነጋዴ ለበዓሉ በጎ ሥራ ልሥራ አለ። ኮሚቴውም ተሰብስቦ "እንግዲህ ጥጉ ወይ ይጽዳ ወይ ሴራሚክ ይልበስ፤ በቬሳክ ቀን ጥቁር ግድግዳ አናሳይም" ብሎ ወሰነ። ሴራሚኩን አይቼዋለሁ። ሐምራዊ ነው፤ ዓሣ አለበት። የመታጠቢያ ቤት ነው! ጋሽ ሙዲያንሴ "አይጸዳም፣ ሴራሚክም አይለብስም" ቢል "ምክንያትህን ንገረንና እንተውልህ" አሉት። ጃንጥላውን መጠቅለል ጀመረ። ምክንያት የሌለው ሊቀ መንበር በድምፅ ይሸነፋል። ማጽዳቱን እሱ እስኪፈቅድ እንጠብቃለን፤ ካልፈቀደ ግንበኛው ይመጣል ተባለ። አባባ ያን ቀን ቀለም ሊፈጭ ተቀምጦ ባዶ ድንጋይ ሲፈጭ ዋለ።

እኔ ደግሞ ነገር ካልገባኝ አልተኛም። ፖዲሜኒኬ ዘንድ ሄድኩ።

"እሱ?" አለችኝ አበባዋን ውሃ እየረጨች። "ሙሉ ጨረቃ በሆነ ቁጥር ከእኔ አንድ ሰማያዊ የኩሬ አበባ ይገዛል። አንድ ብቻ! ያን ሁሉ ማሳ ይዞ! ሰው ሁሉ ቡድሃውን ከራስጌ ጀምሮ ይዞራል፤ እሱ ከእግርጌ ይጀምራል፣ እግርጌ ይጨርሳል። መብራቱን እዚያው ጥግ ነው የሚያበራው። እኔ እዚህ መሸጥ ሳልጀምር ጀምሯል።"

"ለምን እዚያ?"

"እኔ ምን አውቃለሁ፤ እኔ አበባ ሻጭ ነኝ።" ከዚያ ግራ ቀኝ አየችና አወራችኝ። "እናቱ፣ ባለፈው ዓመት ያረፉት፣ እኒያ ኩሩ ሴትዮ፣ ዱሮ አንድ ነገር ብለው ነበር። 'ቀለምና ሩዝ በአንድ ጎተራ አይከተትም' ብለው ነበር። ስለ የትኛዋ ልጃገረድ እንዳሉት ግን አልነግርሽም፤ ምላስሽ ረጅም ነው።"

ምላሴ! የእሷ ከደረጃው ሥር ተነሥቶ ኩሩኔጋላ ከተማ ይደርሳል።

የጸሎት ቀናችን ሙሉ ጨረቃ ሆነ። ሰው ነጭ ለብሶ ሲወጣ ሲወርድ፣ እኔ ከርብራቡ ላይ እግሬን አንጠልጥዬ አያለሁ። ጋሽ ሙዲያንሴም መጣ፤ በአንድ እጁ የሸክላ መብራት፣ በአንድ እጁ አበባው፣ ጃንጥላው በብብቱ። ርብራባችን ጥጉን ዘግቶታል፤ ያንን ሆን ብዬ ነው ያስጠጋሁት፣ ምን እንደሚያደርግ ለማየት። እናቱ እንደ ጠፋችበት ጥጃ ቆመ። መብራቱን ወደ ራስጌ ወሰደው፣ መለሰው። ወደ መሃል ወሰደው፣ መለሰው።

"ጋሼ፣ ምን ጠፋብዎት? ሪዝ ከሆነ ሊጥ አለኝ" አልኩት።

አልተቆጣም። መቆጣት ነበረበት። የርብራቡ የታችኛው ጣውላ ላይ ተቀመጠና ለእኔ ሳይሆን ለግድግዳው ተናገረ። "ላያት ብዬ ነበር የማበራው። ባበራሁ ቁጥር ጠቆረች። አንድ ቀን ቀና ብል የለችም። እኔው ነኝ የጋረድኳት።"

"ታዲያ እናጽዳታ!"

"ከሥሩ ምንም ባይገኝስ?" አለ። "እሳቱ ቀለሙን በልቶት ቢሆንስ? አሁን ቢያንስ ጥቀርሻው አለ። ከኋላው አለች እላለሁ።"

"ማን ናት ያለችው?"

"የምድር እመቤት ናታ! ሌላ ማን አለ?" አለ፤ ጆሮው ግን እንደ በርበሬ ቀላ።

አክስቴ፣ ልብ በይ። እኔ ሰው ሁሉ ላይ የምስቀው፣ በዚህ ጃንጥላ ተሸካሚ መሳቅ አቃተኝ። ወረድኩና ከሊጡ ቆንጥሬ እጁ ላይ አስቀመጥኩለት። "እርስዎ ያጠቆሩትን እርስዎ ይንቀሉት። ትንሽ ቦታ። ምንም ከሌለ እኔና እርስዎ ብቻ እናውቃለን፤ እኔ ደግሞ ምላሴን እነክሳለሁ።"

ሊጡን አገላብጦ አየው። ከዚያ ዓይኑን ጨፈነና ሊጡን ግድግዳው ላይ ጫነው። ነቀለ። ዓይኑን አልገለጠም።

"አለ?" አለኝ።

"አለ። ጣት ነው።"

"የማን?"

"ጣት ላይ ስም አይጻፍም፣ ጋሼ!"

ዓይኑን ገለጠ። የእንስራ አንገት የያዘች አንዲት ጣት፤ ቡናማ፣ ቀጭን፣ ትናንት የተሳለች ይመስል። አያቴን እሳት አልደፈረውም። ጋሽ ሙዲያንሴ አፍንጫው ግድግዳውን እስኪነካ ተጠግቶ አየና "ግራ እጇ ነው" አለ በለሆሳስ።

"እንዴት አወቁ? አውራ ጣቷ ገና አልወጣም" አልኩት።

አበባውን ጣውላው ላይ አስቀመጠ፣ ወጣ። ጃንጥላውን ረሳው። ሰው ሁሉ "ሙዲያንሴ ያለ ጃንጥላ ታየ!" ሲል ዋለ፤ ከዘበኛው ሪዝ ይልቅ ያ ተአምር ሆነ። በማግስቱ ኮሚቴው ፊት ቆሞ "ይጽዳ" ብሎ ተቀመጠ።

አጸዳነው። ወንድምሽን አላወቅሁትም፤ አልሰደበኝም፣ አልዘፈነም፣ እንደ ጠንቃቃ ሐኪም ጫን፣ ነቀል ብቻ። መጀመሪያ እንስራው ወጣ፣ ከዚያ ክንዷ፣ ከዚያ ትከሻዋ። እንስራውን በግራ መያዟ ሲታይ የመንደሩ አሮጊቶች ተንጫጩ። "ምን ዓይነት እመቤት ናት በግራዋ የምትይዝ! ነውር ነው! ሽማግሌው በእርግጥ ጠጥቶ ነበር!" አሉ። አባባ ከላይ ሆኖ "አባቴ ያየውን ነው የሳለ" አላቸው፤ ሌላ አልተናገረም። እኔ ግን አንድ ነገር አልገባኝም፦ አያቴ በዚያ ዘመን በግራዋ ነገር የምትይዝ ሴት የት አይቶ ይሆን? አንቺ የተማርሽ ነሽና ምናልባት ታውቂ ይሆናል።

ፊቷን መጨረሻ አደረግነው። ወሬው ደርሶ ዋሻው ሞላ፤ ልጆች ቡድሃው እግር ሥር ተሰገሰጉ። ጋሽ ሙዲያንሴ ከሁሉ ኋላ፣ በሩ ላይ፣ ጃንጥላውን በሁለት እጁ ሙጥኝ ብሎ ይዞ። አባባ የመጨረሻዋን ሊጥ ነቀለና ወደ ጎን አለ።

አንድ ቅንድቧ ከሌላው ከፍ ያለ ነው፣ አክስቴ። ማራን ያን ሁሉ ሠራዊት ይዞ ቆሞ ሳለ፣ "የቤት ሥራህ የታለ?" የምትለው ትመስላለች። ሠራዊቱ መሸሹ አይገርመኝም፤ እኔም ልሸሽ ነበር። ያ አተያይ ልጅ ሆኜ የሆነ ቦታ ገርፎኛል።

ፖዲሜኒኬ ቅርጫቷን ጣለችና "ይህቺን ሴትዮ እኔ አው—" ብላ ስትጀምር አባ ሬዋታ እጃቸውን አነሡ። "ምድር ከመሰከረች ሰው ዝም ይበል" አሉ። ሰው ሁሉ አንገቱን ደፋ፤ ግን አንገቱን የደፋው ፈገግታውን ሊደብቅ ነበር። አባባ ብቻ እየሳቀ ያለቅስ ነበር፤ ያን ቀን ራቱን ጨርሶ የእኔንም በላ። አሁን መንደሩ ሲያየው "የሠዓሊ ልጅ ሠዓሊ" ይለዋል። እነዚያ አረቄ ጠጥቶ ነው ያሉት ሁሉ "እኔ ድሮም ብያለሁ" እያሉ ነው።

አባ ሬዋታ ከእንግዲህ ዋሻው ውስጥ መብራት አይበራም አሉ። ውጭ፣ ከድንጋዩ ቅንድብ ሥር፣ ዝናቡ በማይደርስበት፣ የገበሬዋ ሚስት ስም በተቀረጸበት በኩል የመብራት ማስቀመጫ ተሠራ። መጀመሪያ መብራቱን ተሸክሞ የወጣው ማን እንደሆነ ገምቺ። አሁን ከውጭ ያበራና ከውስጥ ያያል። ሐምራዊው ሴራሚክም ሥራ አላጣም፤ የመነኮሳቱ መታጠቢያ ቤት ዓሣ በዓሣ ሆኗል።

እንግዲህ ወደ ጉዳዬ። አባባ "እህቴ ለቬሳክ ትምጣ፤ የአባታችንን ሥራ ሳታይ አትቅር" ብሏል። ለአያቴ ለቅሶ መጥተሽ እንኳ ዋሻው ደጅ ሳትደርሺ ነው የተመለስሽው። አሁን ምክንያትሽ ሁሉ ያለቀ ይመስለኛል፤ ትምህርት ቤት ዝግ ነው፣ ድመቷን ዓሣ ሻጩ ይጠብቃታል፤ ተለማምደዋል። በቬሳክ መንገደኛውን በነፃ የምናበላበት ዳስ ዘንድሮ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ፊት ለፊት ነው። አውቶቡስ ያለ ምሳ አናሳልፍም፤ አንቺንም ከነሻንጣሽ ጎትተን እናወርድሻለን። ጋሽ ሙዲያንሴ ሩዙን እኔ እችላለሁ ብሏል። ትናንት ደግሞ እንደ ዋዛ "ከጋሌ የሚመጣው አውቶቡስ ስንት ሰዓት ነው የሚደርስ?" ብሎ ጠየቀኝ። "ምን ሊያደርግልዎ?" ስለው "ለሩዙ ነው፤ እንዳይቀዘቅዝ" አለኝ።

ቤቱንም ኖራ አስቀብቷል። እናቱ ካረፉ ወዲህ በረንዳው ላይ አንድ ወንበር ብቻ ነበረች። አሁን ሁለት ናቸው፤ አዲሷ ወደ ዋሻው ዞራ ተቀምጣለች። ሳልፍ ልሞክራት ብዬ ብቀመጥ በጃንጥላው አስነሣኝ። "ተነሺ፤ ያቺ ያንቺ አይደለችም" አለኝ።

እማማ ሰላም ብላሻለች፤ ለጉልበትሽ የሚሆን ዘይት አዘጋጅታለች። አባ ሬዋታ ይባርኩሻል። የአያቴ ቡሩሽ፣ የቡድሃው ጥላ፣ የገበሬዋ ሚስት ደግነት መንገድሽን ይጠብቁት። ባሕሩ ሲለቅሽ አይከፋው፣ ተራራው ሲቀበልሽ ሐሩሩ ይብረድልሽ።

የወንበሯን ነገር መንደሩ ሁሉ አይቷል። አንድም ሰው ግን አልተናገረም፤ አባ ሬዋታ ዝም በሉ ብለውናላ። እኔም ይኸው ዝም ብያለሁ።

ምላሷን ነክሳ የተቀመጠችው፣
የወንድምሽ ልጅ